ጥልቁን ባሕር በሽቶ ብልቃጥ፦ ፍሎት ሠርቶ ጅረት የመከተል መመሪያ፣ ከድሬዳዋ

አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። ያደግኩት ከዚራ ነው፤ የባቡሩ ጡሩምባ እስከ ጓሯችን ይሰማ ነበር። አባቴ ጅቡቲ ወርዶ ሲመለስ ለወንድሞቼ ቴምር ይዞ ይመጣል። እኔ ግን አንድ ቀን "የባሕር ውሃ አምጣልኝ" አልኩት። በአንድ ሊትር ጠርሙስ ሞልቶ፣ አፉን በላስቲክ ጠፍሮ አመጣልኝ። እናቴ ሳታይ ድስት ውስጥ ገልብጬ ጣድኩት። ውሃው ተንኖ ሲያልቅ ድስቱ ሥር ነጭ ጨው ቀረ፤ የልጅነት መዳፌን ሞላው።

ያን ዕለት አባቴን የጠየቅኩት ነገር እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ላይ ላዩን ያለውን ውሃ ንፋስ ይነዳዋል፣ እሺ። ከታች ያለውስ? ንፋስ የማይደርስበት፣ ብርሃን የማይገባበት ውሃ ይሄዳል ወይስ ተኝቷል? ከሄደስ ወዴት? አባቴ ትንሽ አሰበና "እኔ እንጃ ልጄ፣ ባሕሩን እኔ የማውቀው ከዳር ነው" አለኝ።

ዛሬ እዚሁ ድሬዳዋ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ያንን ጥያቄ የሚመልሰው ፍሎት የሚባለው መሣሪያ ነው። አማርኛው "ተንሳፋፊ" ይሆናል፤ ግን ይሄኛው ላይ አይንሳፈፍም፣ ወለልም አይነካም። መሃል ውሃ ላይ ይቆምና ውሃው ወደሄደበት አብሮ ይሄዳል። እኔና ተማሪዎቼ ፍሎት ብለን ስለለመድን እዚህም እንደዚያው እጽፋለሁ።

ከታች ያሉትን ሥራዎች በሙሉ ከልጆቹ ጋር ሠርተናቸዋል። መጀመሪያ ፍሎቱን ከሽቶ ብልቃጥ ትሠራላችሁ። ከዚያ በድምፅ ብቻ ቦታ መፈለግን ሜዳ ላይ ትለማመዳላችሁ። በመጨረሻ እውነተኛ ፍሎት በስልካችሁ ትከተላላችሁ። ባሕር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ትዕግሥት ነው፤ በተለይ ለሚዛኑ።

መጀመሪያ ይህን በሃይላንድ ጠርሙስ እዩ

ብልቃጡን ከመንካታችሁ በፊት አምስት ደቂቃ ለዚህ ስጡ። አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ እስከ አፉ ውሃ ሙሉ። የእስክሪብቶ ክዳን ውሰዱ፤ ጫፉ ላይ ቀዳዳ ካለው በማስቲካ ድፈኑት፣ ማንጠልጠያው ላይም ትንሽ ማስቲካ ለክብደት ለጥፉበት። ክዳኑ አየር እንደያዘ፣ አፉን ወደ ታች አድርጋችሁ ጠርሙሱ ውስጥ ጣሉት። ለጥቂት ነው መንሳፈፍ ያለበት። ጠርሙሱን ግጠሙና በእጃችሁ ጨመቅ አድርጉት። ክዳኑ ይሰምጣል። ልቀቁት፣ ይወጣል።

እጃችሁ የሚሠራው የጥልቀትን ሥራ ነው። ሲጨመቅ ክዳኑ ውስጥ ያለው አየር ይኮማተራል፤ የሚይዘው ቦታ ያንሳል፤ ስለዚህ ይሰምጣል። አሁን ይህንን ለስላሳ ነገር ባሕር ውስጥ አስቡት። ትንሽ ሲወርድ ግፊቱ ይጨምቀዋል፤ ሲጨመቅ ይበልጥ ይወርዳል፤ ሲወርድ ደግሞ ይበልጥ ይጨመቃል። እስከ ወለሉ ማቆሚያ የለውም። ለስላሳ ነገር መሃል ላይ መቆም አይችልም።

ጆን ስዋሎ የሚባለው እንግሊዛዊ በ1955 እ.ኤ.አ. ያሳየው መላ ከዚህ ተቃራኒ ነው። ውሃ ራሱ ይጨመቃል። አይመስልም፣ ግን በ1,000 ሜትር ጥልቀት የባሕር ውሃ ከመጠኑ ግማሽ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። እዚያ ያለው ግፊት በአውራ ጣት ጥፍር ስፋት ላይ አንድ ኩንታል እንደመጫን ነው። ታዲያ ከውሃው ያነሰ የሚጨመቅ ጠንካራ ቱቦ ብትሠሩስ? ላይ ሲሆን ከውሃው ትንሽ ከብዶ ይወርዳል። እየወረደ ሲሄድ ውሃው ከእሱ ፈጥኖ ይታፈጋል። አንድ ቦታ ላይ እኩል ይሆናሉ። እዚያ ይቆማል። አልፎ ከወረደ ከውሃው ስለሚቀል ይመለሳል፤ ከወጣም ስለሚከብድ ይወርዳል። ሞተር የለው፣ ገመድ የለው።

ስዋሎ የተጠቀመው ግንበኛ ለፖንቴ የሚያቆመው ዓይነት የአልሙኒየም ቱቦ ነበር። ቱቦው እንዲቀልለት ግድግዳውን በኮስቲክ ሶዳ አሟምቶ አሳሳው። ይህን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ሁልጊዜ ደስ ይለኛል። የጥልቁ ባሕር ጥናት እንዲህ ባለ የእጅ ሥራ ጀመረ፤ እኛም በእጃችን ያለውን ይዘን መጀመር እንችላለን።

የሚያስፈልጋችሁ

ከሁሉ በፊት ብልቃጥ። ከፊራ ገበያ የሽቶ ዘይት የሚሸጡ እናቶች ዘንድ ሂዱ። ወፍራም ብርጭቆ ያለው፣ ክዳኑ በመዞር የሚገጥም፣ የእንቁላል ያህል የሆነ ብልቃጥ ምረጡ። ባዶውን በርካሽ ይሰጧችኋል። የፕላስቲክ አትግዙ፤ ለምን እንደሆነ የእስክሪብቶ ክዳኑ ነግሯችኋል።

ለዕቃው ባለ 20 ሊትር የመጠጥ ውሃ ጠርሙስ ፈልጉ። አፉ ተሰንጥቆ የተጣለ ይሁን፤ አንገቱን ቆርጣችሁ ትጥሉታላችሁና። የዓሣ ማርቢያ መስታወት ያለው ሰው ካወቃችሁ ደግሞ በጣም ጥሩ። ከፋርማሲ አዲስ የግሉኮስ ጎማ ግዙ፤ ያቺ ውሃውን የምታስተካክለው ትንሽ መዘውር አብራ ትኑር። አንድ ኪሎ ጨው፣ ጀሪካን፣ አንድ ቀይ ሥር፣ የቧንቧ ሠራተኛ ጥርስ ላይ የሚጠቀልለው ቴፍሎን፣ ሻማ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ የወጣ ቀጭን የመዳብ ሽቦ፣ የታጠበ የደቻቱ ወንዝ አሸዋ። በቃ።

ሚዛን ካላችሁ ይጠቅማል፤ ግድ ግን አይደለም። እኔ መጀመሪያ ላይ ወርቅ ቤት እየሄድኩ ነበር የማስመዝነው። ባለቤቱ "ዛሬ ደግሞ ምን አመጣሽ?" እያሉ ብልቃጤን ከቀለበቶቹ ጎን ያስቀምጡልኝ ነበር። ከከተማችን ውጭ ያላችሁ እንዳይገርማችሁ፣ ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም አንቺ ነው የሚለኝ፤ ፍቅር ነው።

ብልቃጡን ማመዛዘን

የሥራው ልብ ይህ ነው። አትቸኩሉ።

ብልቃጡን አጥባችሁ አድርቁ። አሸዋውን በማንኪያ እየጨመራችሁ ክዳኑን ግጠሙና ንጹሕ ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ሞክሩት። አሸዋው ከታች ስለሚቀመጥ ብልቃጡ ቀጥ ብሎ ይቆማል። እየጨመራችሁ ሂዱ፤ አንገቱ ብቻ ከውሃው በላይ ሲቀር አቁሙ። አሁን የክዳኑን ጥርስ በቴፍሎን ሦስቴ ጠቅልላችሁ አጥብቃችሁ ግጠሙ። በላዩ ላይ የሻማ ሰም አንጠባጥቡበት። ከዚህ በኋላ አይከፈትም። የመጀመሪያ ፍሎታችን ሰም አልነበረውም። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ጠብ ጠብ እያለ ገብቶበት ጠዋት ስንመጣ ወለሉ ላይ ተኝቷል።

የቀረውን በሽቦ ትጨርሳላችሁ። ሽቦውን አንገቱ ላይ ጠቅልሉ። ትንሽ በትንሽ ጨምሩ። ንጹሕ ውሃ ውስጥ ቀስ ብሎ መስመጥ እስኪጀምር ድረስ።

በሌላ ዕቃ ውስጥ ደግሞ የጨው ውሃ አዘጋጁ፤ በ10 ሊትር 350 ግራም ጨው። ይህ ከኪሎው ሲሶ ትንሽ ከፍ ይላል። ከባሕሩ ጨው ጋር ይመሳሰላል፤ የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም አካባቢ ይይዛልና። ጨዉ እስኪሟሟ አማስሉና ፍሎቱን ጣሉት። መንሳፈፍ አለበት። ንጹሕ ውሃ ላይ የሚሰምጥ፣ ጨው ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ፍሎት ካላችሁ ሥራችሁ ተሳክቷል።

በሁለቱ መካከል ያላችሁ ነፃነት ምን ያህል ነው? ብልቃጡ 40 ሚሊ ሊትር ቦታ ከያዘ ልዩነቱ አንድ ግራም ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ከጨመራችሁ ወለል ላይ ይተኛል፣ ከቀነሳችሁ ላይ ይቀራል። ሽቦውን በመቀስ ቁረጡት፤ መጀመሪያ በጣት ርዝመት፣ በኋላ በጥፍር ርዝመት።

እዚህ ላይ ያጋጠመኝን ልንገራችሁ፣ አንድ ሳምንት አስለፍቶኛልና። መጀመሪያ ጨው ሳልጠቀም፣ በንጹሕ ውሃ ብቻ መሃል ላይ ላቆመው ነበር የሞከርኩት። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ተሳካልኝ። ፍሎቱ በርሜሉ መሃል ቆመ፤ ልጆቹ አጨበጨቡ። 6 ሰዓት ላይ ሌላው ክፍል ሊያየው ሲመጣ ወለሉ ላይ ነበር። ማንም አልነካውም። አንዷ ልጅ እጇን ውሃው ውስጥ ከተተችና "አቦ ሚስ፣ ይሄ እኮ ለሻይ ይሆናል!" አለች። ያኔ ገባኝ። ውሃ ከ25 ዲግሪ ወደ 35 ሲሞቅ በ1,000 ውስጥ 3 እጅ ያህል ይሰፋል፤ ይቀላል። ለእኔ ብልቃጥ ያ ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ነው፤ ፍሎቱን ለማስመጥ በቂ። የድሬ ሐሩር ሚዛኔን አፋልሶታል። ባሕር ላይ የሚሠሩትም ፍሎታቸውን ከመልቀቃቸው በፊት እንዲህ ይጨነቃሉ። የሚሄድበትን ጥልቀት የውሃውን ሙቀትና ጨው አውቀው፣ ክብደቱን በዚያ ልክ ያስተካክላሉ። እናንተ ግን ጥላ ውስጥ ሥሩ፤ ሁሉም ውሃ አንድ ሌሊት አንድ ክፍል ውስጥ ይደር።

ሌላው ጠላት የአየር አረፋ ነው። ከቧንቧ የተቀዳ ውሃ ሲያድር ብርጭቆው ላይ ትንንሽ አረፋ ይለጥፋል። አረፋው ፍሎቱን ያነሳዋል። በጣታችሁ ጥረጉት።

ሁለቱን ውሃ ማነባበር

ብዙ ሰው ጨው ውሃውን ቀድሞ ይሞላና ንጹሑን ከላይ ሊያፈስበት ይሞክራል። ይደባለቅበታል። በተቃራኒው ሥሩ። መጀመሪያ ጠርሙሱን እስከ ግማሽ ንጹሕ ውሃ ሙሉ። የጨው ውሃውን ጀሪካን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጡ። የግሉኮሱን ጎማ አንድ ጫፍ ጀሪካኑ ውስጥ፣ ሌላውን ጫፍ ጠርሙሱ ወለል ላይ አድርጉ። ሳባችሁ አስጀምሩት። መዘውሯን ጠበቅ አድርጋችሁ ቀስ ብሎ ይውረድ። ጨው ውሃው ከባድ ስለሆነ ከታች እየገባ ንጹሑን ወደ ላይ ይገፋዋል። አንድ ሰዓት ቢፈጅ አትቸኩሉ፤ ቡና አፍሉ። ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ በጎን ሲያዩት እንደ ሙቀት ይርገበገባል።

አሁን ፍሎቱን በክር አስራችሁ ቀስ ብላችሁ አውርዱና ልቀቁት። ይወርዳል፣ ጨው ውሃው ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ወደ ላይ ወደ ታች ጥቂት ይወዛወዛል፣ ይረጋል። እኛ ክፍል ውስጥ በዚያች ሰዓት ድምፅ ይጠፋል። ሃምሳ ልጅ ያለበት ክፍል ዝም ሲል አስቡት።

ቀጥሎ የወረቀት ቁራጭ ውሃው ላይ አድርጉና ላዩን ብቻ በማንኪያ ቀስ ብላችሁ አዙሩ። ወረቀቱ ይዞራል፤ ፍሎቱ ንቅንቅ አይልም ማለት ይቻላል። ላይ ያለውን አይቶ ስለ ታቹ መናገር የማይቻለው ለዚህ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቀይ ባሕርን እንሥራ። አንድ ሊትር ውሃ ላይ 17 ግራም ጨው አድርጉ፤ የታቹ ግማሽ መሆኑ ነው። የቀይ ሥር ጭማቂ ጨምሩበት። በጎማው፣ ፍሎቱ ባለበት ከፍታ ላይ፣ በጎን በኩል እየተንጠባጠበ ይግባ። ቀዩ ውሃ ላይ አይወጣም፣ ወለልም አይወርድም። እኩያውን መሃል ላይ ያገኛል፤ እንደ ስስ አንሶላ ይዘረጋል፤ ፍሎቱንም ይዞት ይሄዳል።

ይህ ተረት አይደለም፤ ከጅቡቲ ደጃፍ የሚሆነው ይኸው ነው። ቀይ ባሕር በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውሃ በትነት ያጣል፤ ወንዝ ብሎ ነገር ደግሞ የለውም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ውሃው እየጨየ ይከብዳል። ከባዱ ውሃ በባብ ኤል መንደብ ከሥር ሾልኮ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ይወርዳል፤ በክረምት ወራችን ይዳከማል፣ በበጋችን ይበረታል። ሲወርድ ከአካባቢው ውሃ ጋር ስለሚቀላቀል ወለሉ ድረስ አይሄድም። ከ400 እስከ 800 ሜትር ባለው ጥልቀት እኩያውን አግኝቶ ይዘረጋል።

በጆሮ ቦታ መፈለግ

ፍሎቱ 650 ሜትር ታች ካለ የት እንደሆነ በምን ይታወቃል? ብርሃን እዚያ አይደርስም። የስልክ ሞገድም ሆነ የሳተላይት ምልክት ውሃውን አያልፍም። የቀረን ድምፅ ነው። ድምፅ ባሕር ውስጥ በሴኮንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይሮጣል፤ በአየር ውስጥ ከሚሮጠው አራት እጥፍ በላይ ነው።

የስዋሎ ፍሎት ጧ ጧ እያለ ይጮኽ ነበር፤ መርከቧ ተከትላው ታዳምጣለች። መርከቧ ከሄደች ግን ፍሎቱ ጠፋ ማለት ነው። በኋላ ፍሎቱ ራሱ በጥልቁ ውስጥ ሩቅ እንዲጮኽና ከሩቅ ባሉ ጣቢያዎች እንዲደመጥ አደረጉ። ለዚያ ግን ትልቅና ከባድ መሆን ነበረበት። ቶማስ ሮስቢ የሚባለው ተመራማሪ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ነገሩን ገለበጠው። ድምፅ ማውጫዎቹ በገመድ ታስረው አንድ ቦታ ይቁሙ፤ ፍሎቱ ያዳምጥ። አዳማጭ ብዙ ባትሪ ስለማይፈልግ ፍሎቱ ትንሽ የብርጭቆ ቱቦ ሆነ። የድሮው ሶፋር (SOFAR) ይባል ስለነበር የእንግሊዝኛውን ፊደል ገልብጠው ይሄንን ራፎስ (RAFOS) አሉት። ወደ 260 ኸርዝ የሆነ፣ 80 ሴኮንድ የሚረዝም ዝቅተኛ እምምታ ይላክለታል። ፍሎቱ ሰዓቱን መዝግቦ ያስቀምጣል። ጊዜው ሲያልቅ ክብደቱን ጥሎ ይወጣና የሰማውን ሁሉ ለሳተላይት ይናገራል።

ይህን ሜዳ ላይ መሥራት ይቻላል። ሁለት ድምፅ ማጉያ ያስፈልጋችኋል፤ ሰፈር ያለው ጂፓስ ይበቃል። በስልክ ሁለት የድምፅ ፋይል ሥሩ። አንዱ በየ10 ሴኮንዱ "ጧ" የሚል፣ ሌላው በየ10 ሴኮንዱ "ጢን" የሚል ይሁን። ማጉያዎቹን በሜዳው አንድ ጠርዝ ላይ በ100 ሜትር አራርቃችሁ አስቀምጡና ሳይቋረጡ ይጩኹ። ፍሎት የሚሆነው ልጅ የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ መቅጃ ያለው ስልክ ይይዛል። መቅዳት ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ አያቆምም። መጀመሪያ ጧ ካለው አጠገብ ግማሽ ደቂቃ ይቁም። ቀጥሎ ጢን ካለው አጠገብ። ከዚያ ሌሎቹ ጀርባቸውን ሰጥተው እያሉ ሜዳው ውስጥ የፈለገበት ቦታ ሄዶ አንድ ደቂቃ ይቁም፤ ቦታውን በድንጋይ ምልክት ያድርግ። ጠቅላላው ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፤ የስልኮቹ ሰዓት በጥቂቱ ይዛነፋልና።

አሁን ቅጂውን ክፈቱ። ልጁ አጠገቡ ቆሞ ሳለ ጧ የተሰማበትን ሴኮንድ ጻፉ። እሱ ላይ አሥር አሥር እየደመራችሁ ሂዱ። ልጁ ሩቅ ሲቆም ጧው ከተጠበቀው ሴኮንድ ዘግይቶ ይመጣል። መዘግየቱን በ350 አባዙ፤ በእኛ ሙቀት ድምፅ በሴኮንድ 350 ሜትር ገደማ ይሄዳል። 0.2 ሴኮንድ ከዘገየ ልጁ 70 ሜትር ላይ ነው። ለጢኑም እንዲሁ። ወረቀት ላይ አንድ ሴንቲ ሜትርን ለ10 ሜትር አድርጋችሁ ሁለት ክብ በኮምፓስ ሣሉ። ሁለት ቦታ ይቋረጣሉ፤ አንዱ ከሜዳው ውጭ ስለሚወድቅ ይሰረዛል። ሌላው ላይ ሂዱና ድንጋዩን ፈልጉ። ባለፈው ዓመት አራት ሜትር ነበር የሳትነው። ልጆቹ ድንጋዩን ሲያገኙት ወርቅ ያገኙ ነው የመሰላቸው።

የደረቀው የደቻቱ አሸዋ ለዚህ የተሠራ ይመስላል፤ ሰፊና ገላጣ ነው። ግን በዝናብ ወራት በፍጹም እንዳትወርዱ። ደቻቱ የሚሞላው ድሬ ላይ በጣለ ዝናብ ብቻ አይደለም። ሰማያችን ጥርት ብሎ፣ በደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ዘንቦ ይመጣል። የ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት ያመጣብንን ጎርፍ ያየ ሰው ይህን ሁለቴ አይነገረውም። የትምህርት ቤት ሜዳ ካላችሁ እሱን ምረጡ።

ጎረቤታችን ላይ የተደረገው

በ2001 እ.ኤ.አ. ውድስ ሆል የሚባለው የአሜሪካ የውቅያኖስ ጥናት ተቋም ተመራማሪ ኤሚ ባወርና ባልደረቦቿ ወደ 50 የሚጠጉ የራፎስ ፍሎቶች በኤደን ባሕረ ሰላጤ ለቀቁ። 650 ሜትር አካባቢ፣ ልክ የቀይ ባሕሩ ውሃ በሚዘረጋበት ጥልቀት። ከጅቡቲ ማዶ ማለት ነው፤ ከእኛ የአንድ ቀን መንገድ።

ውሃው ከባብ ኤል መንደብ ወጥቶ በቀጥታ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ የሚጓዝ ይመስላል አይደል? ፍሎቶቹ ግን ዞሩ። ባሕረ ሰላጤውን የሞሉት ግዙፍ አዙሪቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ እስከ 250 ኪሎ ሜትር ስፋት አላቸው። ያ ከድሬዳዋ ጅቡቲ በቀጥታ ካለው ርቀት ጋር ይቀራረባል። የቀይ ባሕሩን ውሃ የሚያጓጉዙት እነሱ ናቸው። ስዋሎም በ1959 እና 1960 እ.ኤ.አ. ቤርሙዳ አካባቢ እንዲህ ሆኖበት ነበር። ጥልቁ ውሃ በሴኮንድ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል እየተንፏቀቀ ይሄዳል ብሎ ሲጠብቅ፣ ፍሎቶቹ በአሥር እጥፍ እየፈጠኑ በየአቅጣጫው ተበተኑ።

ስለ ኤሚ ባወር አንድ ነገር ልጨምር። ገና ተማሪ ሳለች የዓይኗ ብርሃን እየደከመ ሄደ፤ ሥራዋን ግን አልተወችም። ክፍሌ ውስጥ ማየት የተሳነው ተማሪ አለኝ። ድምፅ የመለየቱን ሥራ ለእሱ ሰጠነው። ጧውን ከጢኑ፣ ማሚቶውን ከእውነተኛው ድምፅ ለይቶ የሚያወጣልን እሱ ነው።

በስልካችሁ እውነተኛ ፍሎት መከተል

ዛሬ ከሁሉ የበዙት አርጎ የሚባለው ዓለም አቀፍ ፕሮግራም ፍሎቶች ናቸው። 4,000 የሚሆኑ በዓለም ባሕሮች ሁሉ ተበትነዋል። እነዚህ በክብደት ብቻ አይሠሩም። ውስጣቸው ዘይትና ፓምፕ አለ። ዘይቱን ወደ ውጭኛው የጎማ ከረጢት ሲገፉት ክብደታቸው ሳይለወጥ መጠናቸው ይጨምራል፤ ይወጣሉ። መልሰው ሲስቡት ይወርዳሉ። 1,000 ሜትር ላይ ዘጠኝ ቀን ያህል ከውሃው ጋር ይጓዛሉ። ከዚያ ወደ 2,000 ሜትር ይወርዱና ሙቀትና ጨው እየለኩ ይወጣሉ። ላይ ሲደርሱ ያሉበትን ቦታና የለኩትን ለሳተላይት ልከው ተመልሰው ይሰምጣሉ። በ10 ቀን አንድ ዙር።

መረጃው ለማንም ክፍት ነው። ክፍያ የለም፣ ፈቃድ የለም። የአርጎን ካርታ ክፈቱና ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ጎትቱት። ነጥቦች ታያላችሁ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ባለ ሰባት አኃዝ ቁጥር አለው። በዚያ ሰሞን ባሕረ ሰላጤው ውስጥ ካጣችሁ ትንሽ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ዓረብ ባሕር ሂዱ። አንዱን ምረጡና ቁጥሩን ጻፉ።

የሁለት ተከታታይ ዙር ቦታውን ውሰዱ። ለምሳሌ በ10 ቀን ውስጥ 0.1 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ 0.3 ዲግሪ ወደ ምዕራብ ሄዷል እንበል። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ የኬንትሮስ ዲግሪ በእኛ አካባቢ ባሕር ላይ 109 ገደማ። ስለዚህ 11 ኪሎ ሜትር ወደ ሰሜን፣ 33 ወደ ምዕራብ። በፓይታጎረስ ስታሰሉት 35 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። 10 ቀን 864,000 ሴኮንድ ነው። ስታካፍሉት በሴኮንድ አራት ሴንቲ ሜትር። የጉንዳን ጉዞ ነው፤ ግን ቀንና ሌሊት አያርፍም።

አንድ ጥንቃቄ። ፍሎቱ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ስሌታችሁን ያበላሻል፤ እዚያ ንፋስና ማዕበል ያንገላቱታልና። የድሮዎቹ መረጃ ለመላክ ሰዓታት ላይ ይቆዩ ነበር። የአሁኖቹ 15 ወይም 20 ደቂቃ ይበቃቸዋል። ከተቻለ አዲሶቹን ምረጡ።

የጨውን ሥዕል መክፈት አትርሱ። ጥልቀቱ ወደ ታች፣ ጨዉ ወደ ጎን የተሣለውን። የኤደን ባሕረ ሰላጤ ፍሎት ከሆነ፣ መስመሩ ከላይ ወደ ታች ሲሄድ ጨዉ ይቀንስና ከ400 ሜትር በኋላ እንደገና ወደ ቀኝ ሆዱን ይነፋል። ያ ሆድ የቀይ ባሕር ውሃ ነው። ጠርሙሱ ውስጥ በቀይ ሥር የሠራነው አንሶላ።

ስትጨርሱ የጠርሙሱን ጨው ውሃ ፓፓያ ሥር አትድፉት፣ ይደርቃል። ቦይ ውስጥ ይፍሰስ። ብልቃጡን በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ሽቦው እንዳይዝግ አድርቁት። ለሚቀጥለው ክፍል ይሆናል።

እኛ የመረጥነው ፍሎት ቁጥር ሰሌዳው ጥግ ላይ በጠመኔ ተጽፏል፤ እንዳይጠፋ ዙሪያውን ከበነዋል። ከጎኑ የሚወጣበት ቀን አለ። ከወጣ በኋላ መረጃው ካርታው ላይ እስኪታይ አንድ ቀን ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ ዐርብ ይወጣል፣ ቅዳሜ ነው የምናየው። ልጆቹ ቅዳሜ ትምህርት ባይኖርም እንድከፍትላቸው ጠይቀውኛል፤ ከ3 ሰዓት ጀምሮ እዚያው ነኝ።